ፌሎው ነኝ፤ የምርምር ርዕሴን ልቀይር ወይስ በያዝኩት ልቀጥል?

የሌሊት ተረኛ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የሕፃናት ድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን ሕክምና ፌሎው ነኝ። ከስፔሻሊስትነት በላይ ያለው ይህ ስልጠናችን ሁለት ዓመት ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ልጨርስ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል። የምርምር ፕሮፖዛሌን ደግሞ በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ማስገባት አለብኝ። ሁለት ልብ ሆኜ ነው የምጽፍላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የተሰጠኝ ርዕስ "ፒም 3" የሚባለው መለኪያ በእኛ ክፍል ምን ያህል እንደሚሠራ መፈተሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ነው። የአይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ሐኪም ልጁን ካየበት ጊዜ አንስቶ ክፍሉ ከገባ አንድ ሰዓት እስኪሞላው ድረስ አሥር ነገሮች ይታዩና የመሞት ዕድሉ ይሰላል። የዓይኑ ብሌን ለብርሃን ይመልሳል ወይ? የደም ግፊቱ ስንት ነው? ቬንትሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ነው ወይ? ምን ይዞት ገባ? በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅንና አሲድ የሚለካው የደም ጋዝ ምርመራ ምን ይላል? መለኪያው ጥሩ ነው። እኔን የቸገረኝ የደም ጋዙ ነው። ማሽኑ አለን። ውስጡ የሚገባው የመመርመሪያ ካርትሪጅ ግን አንዴ ካለቀ ተመልሶ እስኪመጣ ወር፣ ሁለት ወር ይፈጃል። ያለፈውን ዓመት ካርዶች መዝገብ ቤት ቁጭ ብዬ ሳገላብጥ ነበር። አብዛኞቹ ላይ የደም ጋዝ ቦታው ባዶ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ደብተሬ ነው።

ከሰባት ወር በፊት፣ ሌሊት ዲዩቲ ላይ፣ አንዲት የ14 ወር ልጅ ነበረችን። ከባድ የሳንባ ምች ነው። ቲዩብ (የመተንፈሻ ቱቦ) ገብቶላት ቬንትሌተር ላይ ከሆነች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ 94 የነበረው ኦክስጅኗ 80፣ ከዚያ 70 እያለ ወረደ። ደረቷ አይነሳም። ከቬንትሌተሩ ነቅለን አምቡ ባግ (በእጅ እየተጫኑ አየር የሚሰጡበት ፊኛ) ያዝንላት። ባጉ እጄ ላይ ድንጋይ ሆነብኝ፤ ብጫነው አይገባም። ቲዩቡን አውጥተን በማስክ ስንሰጣት ደረቷ ተነሳ፣ ከንፈሯ ቀላ። ሁሉም ነገር ከተረጋጋ በኋላ የወጣውን ቲዩብ ወደ መብራቱ ይዤ አየሁት። ጫፉ ላይ አክታ ደርቆ፣ እንደ ሻማ ጠብታ ጠጥሮ፣ ቀዳዳውን ሙሉ በሙሉ ደፍኖታል። በመርፌ ብጎረጉረው እንኳ አልወጣም።

ልጅቷ ተርፋለች። ከአሥር ቀን በኋላ እናቷ አዝላት ስትወጣ ሸኝቻታለሁ። ያ ቲዩብ ግን ከዓይኔ አልጠፋም። በማግስቱ ከሆስፒታሉ በር ላይ ካለች ሱቅ አንድ ትንሽ ደብተር ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ተደፍኖ ያገኘሁትን ወይም ሳናስበው የወጣውን ቲዩብ ሁሉ እጽፋለሁ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የልጁን ዕድሜ፣ የቲዩቡን ቁጥር፣ ከገባ ስንተኛ ቀኑ እንደሆነና በዚያ ሰዓት አንድ ነርስ ስንት ልጅ ይዛ እንደነበር። እስካሁን 23 ጽፌያለሁ።

ሲኒየሬን ስጠይቃቸው "የተሰጠሽን ጨርሺ፤ ያኛው ለራስሽ ይቆይ" አሉኝ። በክፋት አይደለም፤ ቶሎ እንድጨርስ አስበው ነው። እኔ ግን ልቤ ደብተሩ ላይ ነው።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ርዕሴን ብቀይር ያዋጣኛል? የእኔ ደብተርስ ምርምር ይባላል ወይስ የክፍል ሥራ ነው? ደግሞ በሳምንት ሁለት ሌሊት እያደራችሁ ምርምር የሠራችሁ ሰዎች፣ ጊዜውን ከየት አመጣችሁት? ሬዚደንት እያለን ስለ ምርምር ዘዴ የወሰድነው ኮርስ አጭር ነበር። ፈተናውን አልፈን ረሳነው። አሁን ነው ያስፈለገኝ።

ከባሕር ማዶ

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሁለቴ አነበብኩት። እኔ እዚህ አሜሪካ የሕፃናት አይሲዩ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ፌሎሺፔንም እዚሁ ነው የጨረስኩት። ስለ ጊዜ ስለጠየቅሽ የእኛን ልንገርሽ፤ እንዲያስቀናሽ ሳይሆን ለድርድር እንዲሆንሽ ነው።

እዚህ የሕፃናት አይሲዩ ፌሎሺፕ ሦስት ዓመት ነው። ከዚያ ውስጥ ለምርምር ብቻ የተከለለ ረጅም ጊዜ አለ። በዚያ ጊዜ ማንም ለዲዩቲ ማሟያ አይጠራሽም ማለት ባይሆንም፣ ጊዜው በወረቀት የተጻፈ መብትሽ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና ቦርድ አንድ ፌሎው የራሱን ጥናታዊ ሥራ ሳያቀርብ ለፈተና አያስቀምጠውም። ሥራውን የሚከታተል ቢያንስ ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴም ይቋቋምለታል። ከሦስቱ አንዱ ከሙያው ውጭ የሆነ ሰው መሆን አለበት። ይህቺን ነገር ናቂም አድንቂም፣ እኔን ያዳነችኝ እሷ ናት። የእኔ ሦስተኛ ሰው የልብ ቀዶ ሕክምና ነርስ ነበረች። "ይህ ጥያቄ ለማን ይጠቅማል?" ብላ በየስብሰባው ትጠይቀኝ ነበር። መልስ ያጣሁ ቀን ርዕሴን አጠበብኩ።

አንቺም ኮሚቴ እስኪቋቋምልሽ አትጠብቂ። ሦስት ሰው ራስሽ ፈልጊ። በሁለት ወር አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ያዳምጡሽ፤ ይበቃል።

"ምርምር ይባላል ወይ?" ላልሽው፣ እዚህ የሕክምና ጥራት ማሻሻል ሥራም ለቦርዱ ይቆጠራል። ዘዴው ጠንካራና በደንብ የተመዘገበ ይሁን እንጂ ከሌላው አያንስም።

ስለ ፒም 3 አንድ ነገር ልጨምር፤ አድቫይዘርሽን ለማሳመን ይጠቅምሻል። የመለኪያው ደንብ የደም ጋዝ ከሌለ እንደ ደህና ቁጠረው ይላል። የደሙ አሲድ ልኬት ዜሮ ተብሎ ይሞላል። ስለዚህ ደሙ አሲድ የበዛበት ልጅ ካርትሪጅ ባለቀበት ወር ከገባ፣ በመለኪያው ዓይን ከእውነቱ የተሻለ ሆኖ ይታያል። የተገመተው ሞት ዝቅ ይላል፣ የሞተው ቁጥር ግን ያው ነው። በመጨረሻ ክፍላችሁ ከሚገባው በላይ ልጆች የሚሞቱበት ሆኖ ይወጣል። ያንን ውጤት ምን ታደርጊበታለሽ? የማሽኑን እጥረት ነው የለካሽው እንጂ የሕክምናችሁን ጥራት አይደለም።

ኬፕታውን የተማረ

እኔ ደግሞ ስልጠናዬን ኬፕታውን፣ ሬድ ክሮስ የሕፃናት ሆስፒታል ነው ያጠናቀቅኩት። ከአፍሪካ አገራት የሕፃናት ሐኪሞችን እየወሰደ አሠልጥኖ ወደ አገራቸው የሚመልስ ፕሮግራም አላቸው። አሁን ክልል ላይ ነው ያለሁት።

እዚያ ስሄድ ምርምር ማለት ስታቲስቲክስ ይመስለኝ ነበር። በየሳምንቱ አንድ ጽሑፍ ይሰጠንና ጠረጴዛ ከበን እንተረትረዋለን። የመጀመሪያው ቀን የደረሰኝ "ፊስት" ጥናት ነበር። ይህን ጥናት የማታውቁ ፌሎዎች ካላችሁ ዛሬውኑ አንብቡት።

እኔ ሬዚደንት እያለሁ እጅ እግሩ የቀዘቀዘ፣ የደም ዝውውሩ የደከመ ልጅ ሲመጣ ፈሳሽ ቶሎ ቶሎ እንገፋ ነበር። በኪሎ 20 ሚሊ ሊትር፣ ካልተሻለው ይደገም። ትክክል ስለመሆኑ የሚጠራጠር ሰው አላየሁም። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ውስጥ ያሉ ሐኪሞች ግን ጠየቁ። ትኩሳትና የደም ዝውውር ድክመት ያለባቸውን 3,141 ልጆች ለሦስት መደቧቸው። ሁለቱ ቡድን ፈሳሽ በፍጥነት ተሰጠው፣ አንዱ ቡድን ሳይገፋለት በቀስታ ብቻ ተያዘ። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ ወጣ። በ48 ሰዓት ውስጥ በፍጥነት ከተሰጣቸው 10.5 በመቶ አካባቢ ሞቱ። ካልተሰጣቸው 7.3 በመቶ። ጥናቱ ከታሰበው ቀድሞ ነው የቆመው።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። በእጄ ፈሳሽ የገፋሁላቸው ልጆች ፊታቸው እየመጣ አስቸገረኝ። ጥናቱ የተሠራው ቬንትሌተርና አይሲዩ በሌለበት ነው፤ የከፋ የምግብ እጥረትና ተቅማጥ ያለባቸውም አልተካተቱም። ስለዚህ "ፈሳሽ መርዝ ነው" አይልም። የሚለው ግን ግልጽ ነው፤ ሌላ ቦታ ላይ የተጻፈን መመሪያ ለራስህ ልጅ ከመስጠትህ በፊት ጠይቅ።

ሁለተኛው ምሳሌ ለአንቺ ይበልጥ ይቀርባል፣ የሌሊት ተረኛ። መተንፈስ የከበደውን ልጅ ሳንባ በአየር ግፊት ክፍት የሚያደርገውን ባብል ሲፓፕ ሁላችንም እናውቀዋለን። ኦክስጅኑን በቱቦ አፍንጫ ውስጥ ታስገቢያለሽ፣ የመውጫውን ቱቦ ጫፍ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ትነክሪያለሽ፤ ውኃው ይንተከተካል። ባንግላዴሽ፣ ዳካ ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት ከባድ የሳንባ ምችና የኦክስጅን እጥረት ካለባቸው ልጆች መካከል በዚህ ዘዴ የታከሙት 4 በመቶ ሲሞቱ፣ በተለመደው በዝቅተኛ ፍሰት በሚሰጥ ኦክስጅን የታከሙት 15 በመቶ ሞቱ። ሁሉም ደስ አለው። ከአራት ዓመት በኋላ የማላዊው ወጣ። 644 ልጆች፣ የወረዳ ሆስፒታል፣ ያው የሚንተከተክ ጠርሙስ። እዚያ በዘዴው የታከሙት 17 በመቶ ሞቱ፣ በዝቅተኛ ፍሰት ኦክስጅን 11 በመቶ። የተገላቢጦሽ ማለት ነው።

ምን ተለየ? ልጆቹ አንድ ዓይነት አልነበሩም፤ ማላዊ ላይ ኤችአይቪና የምግብ እጥረት ያለባቸውም ነበሩ። እኔ ግን አብልጬ የማስበው አልጋው አጠገብ ስለቆመው ሰው ነው። ዳካ ላይ ሐኪሞች በቅርብ ይከታተላሉ። ማላዊ ላይ በየቀኑ የሚከታተል ሐኪም አልነበረም። በኋላ እኛም አገር በጠቅላላ ሆስፒታሎች ሲፈተን፣ ሠራተኛውን ማሠልጠንና መከታተል የሥራው ትልቁ ክፍል ነበር።

አሁን ደብተርሽን ተመልከቺ። "አንድ ነርስ ስንት ልጅ ይዛ ነበር" ብለሽ የጻፍሽው ዓምድ አለ። የቲዩቡን ቁጥርና የልጁን ዕድሜ ማንም ይጽፋል። ያቺን ዓምድ ግን ብዙ ሰው ይዘላታል። ርዕሱን ቀይሪው። ፒም 3ን ካርትሪጁ ሲስተካከል ሌላ ፌሎው ይሠራዋል።

የቁጥር ሰው

ሐኪም አይደለሁም፤ ኤፒዲሚዮሎጂ ነው ሙያዬ፣ የሬዚደንቶችን ፕሮፖዛል እገመግማለሁ። በርዕሱ ደስ ብሎኛል። ግን ዶክተር፣ ከመጀመርሽ በፊት የሚጎረብጡኝን ነገሮች ልናገር።

አንደኛ፣ 23 ማለት ምን ማለት ነው? ብዙ ነው ትንሽ? አይታወቅም። ትምህርት ቤት ላዕልና ታህት ተምረናል፤ አንቺ ያለሽ ላዕሉ ብቻ ነው። ታህቱ የቲዩብ ቀናት ነው። በየቀኑ በአንድ የተወሰነ ሰዓት ቲዩብ ያላቸው ልጆች ስንት እንደሆኑ ይቆጠር። ዛሬ 4፣ ነገ 5፣ ከነገ ወዲያ 3 ከሆኑ የሦስት ቀኑ ድምር 12 የቲዩብ ቀን ነው። በዚህ ሁኔታ 300 የቲዩብ ቀን ሲጠራቀም 9 ቲዩብ ተደፍኖ ወይም ሳይታሰብ ወጥቶ ከሆነ፣ በ100 የቲዩብ ቀን 3 ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ካለፈው ወር ጋርም፣ ከሌላ ሆስፒታል ጋርም ማወዳደር ትችያለሽ።

ሁለተኛው ይብሳል። ደብተሩ የሚጽፈው አንቺ ባለሽበት ሌሊት ብቻ ነው። አንቺ በሌለሽበት ማክሰኞ ቀን የተደፈነውን ማን ጻፈው? ስለዚህ የደብተሩ ቁጥር ስለ ክፍሉ ሳይሆን ስለ አንቺ የዲዩቲ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። "ሌሊት ይበዛል" ብለሽ ብትጽፊ፣ ሌሊት የምታድሪው አንቺ ስለሆንሽ ነው ይሉሻል፤ ትክክል ናቸው።

ሦስተኛ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ሳይፈቅድ የተሰበሰበን ነገር ዳታ ብለሽ ማቅረብ አትችይም። ደብተሩ ፕሮፖዛሉን ለመጻፍ መነሻ ይሁንሽ። ቆጠራው ፈቃድ ካገኘሽ በኋላ ከአንድ ይጀምር። 23ቱን ማጣት ያማል፣ አውቃለሁ።

ስለ መሣሪያ፣ ኮቦ ቱልቦክስ የሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ በስልክ ይሠራል፣ ኔትወርክ ባይኖርም ይመዘግባል። ጽሑፍ ለማንበብ ደግሞ ሂናሪ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የከፈተው ነው፤ የኢትዮጵያ ተቋማት በነፃ ይጠቀሙበታል። የይለፍ ቃሉን ቤተ መጻሕፍት ጠይቂ።

ሲስተር ከአይሲዩ

ዶክተርዬ፣ እኔ 19 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ፤ 11ዱ አይሲዩ ነው። ደብተርሽን ሳነብ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት ነው። እውነቱን ልንገርሽ። እኛ ክፍል ሐኪም ደብተር ይዞ ሲጽፍ ካየን የምናስበው "ማን ጥፋተኛ ይባል ይሆን" ብለን ነው። ቲዩብ በተደፈነ ቁጥር ሳክሽን ያላደረገችው (አክታውን በማሽን ያልመጠጠችው) ማናት ይባላል። ከዚያ በኋላ የሚደፈነው አይነገርም፣ በዝምታ ይቀየራል። ቁጥርሽም ውሸት ይሆናል።

ስለዚህ ነርሶቹን ከመጀመሪያው አስገቢያቸው። የተመራማሪነት ስም ይኑራቸው፣ ለፊርማ ብቻ አይሁን። ቆጠራውን እነሱ ቢይዙት የቁጥር ሰው ያለው የማክሰኞ ችግር ይቀረፋል፤ እኛ ሁልጊዜ አለን።

ደግሞ እነዚህን ጻፊ። ፕላስተሩ በምራቅ ረጥቦ ነበር ወይ? ቲዩቡ ከንፈር ላይ ስንት ሴንቲሜትር ላይ ነበር፣ በየፈረቃው ተጽፏል ወይ? አየሩን የሚያረጥበው ዕቃ ውኃ ነበረው ወይስ ደርቆ ነበር? ማጣሪያው መቼ ተቀየረ? ልጁ ማስተኛ መድኃኒት አግኝቶ ነበር ወይስ አልቆ ነበር? አንዴ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሁለት ቬንትሌተር ላይ ያሉ ልጆች ይዤ፣ አንዱን ሳክሽን ሳደርግ ሌላኛው በእጁ ቲዩቡን ስቦ አወጣው። ያቺን ሌሊት ማንም አልጻፋትም። እስካሁን እኔ ብቻ ነኝ የማስታውሳት። እንደ አንቺ ደብተር ያለው ሰው በዚያ ሌሊት ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር።

የሌሊት ተረኛ

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩት እየሠራሁ ስለነበር ነው።

የፒም 3ን የባዶ ቦታ ደንብ አትሜ ከአሥር ካርዶች ጋር ለአድቫይዘሬ ወሰድኩላቸው። ካርዶቹን አንድ በአንድ አዩዋቸው። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። "ይሄ ልጅ እኮ ጠዋት ሞተ" አሉ። በመለኪያው ስሌት የመሞት ዕድሉ ዝቅተኛ ነበር። ርዕሱን እንድቀይር ፈቀዱ፤ ግን በቅድመ ሁኔታ። ታህቱን በትክክል መቁጠር መቻላችንን በአንድ ወር ሙከራ ላሳያቸው አሉኝ። ልክ ናቸው።

የቁጥር ሰው፣ የማክሰኞው ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ደብተሩን ከዲዩቲ ፕሮግራሜ ጋር አስተያየሁት። ከ23ቱ 20ው እኔ ያደርኩበት ሌሊት ነው። ስለዚህ ሸፍኜ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። አላቀርበውም።

ሲስተር፣ የጻፉትን አትሜ ለነርሶቻችን በፈረቃ ርክክብ ላይ አነበብኩላቸው። መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ አንዷ "እኔም አንድ ሌሊት አለኝ" አለች፤ ሌላዋም ቀጠለች። ሁለት ነርሶች የጥናቱ አጋር ሆነው ፕሮፖዛሉ ላይ ገብተዋል። የፕላስተሩንና የሴንቲሜትሩን ዓምድ የጨመሩት እነሱ ናቸው። የማጣሪያውን ቀን ጭምር አልጋው ላይ በማርከር እንጻፍ ያሉትም እነሱ ናቸው።

የጊዜው ጉዳይ አልተፈታም። በወር ሁለት ሐሙስ ከሰዓት እንዲለቁኝ ጠይቄያለሁ፤ አንዱን ፈቅደዋል። ከባሕር ማዶ፣ ሦስተኛ ሰው ያልከኝን አገኘሁ። ኦክስጅን ክፍል የሚሠሩ የባዮሜዲካል ቴክኒሻን ናቸው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው የሚያረጥበው ዕቃ ስንት ዲግሪ ላይ ነው የሚሠራው የሚል ነበር። ማናችንም አናውቅም ነበር። ቴርሞሜትር ይዘው መጡ።

የሥነ ምግባር ኮሚቴው ለሙከራው ፈቃድ ትላንት ሰጠን። ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከነርሷ ጋር አልጋ በአልጋ እየዞርን ቆጠርን። አራት ቲዩብ። ሁሉም ከንፈር ላይ ሴንቲሜትራቸው ተጽፏል፤ ከአንዱ በስተቀር። እሱንም ጻፍነው።